ቅዳሜ፣ መደብ ዘጠኝ፣ ታምቡ

ናሶን ኪሊቮ ከሞተ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው መቀበሪያ ቦታ ጠፋለት። ሱሪቤ መንደር መሬት አንሷት አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የጎሣው መቃብር ሰፊ ነው። ነገር ግን አለቃ ጄሪኮ፣ የአባቶችን ክልክል ቦታ ረግጦ የሞተን ሰው ከአባቶች ጎን አላስተኛም አሉ። ባሕሩ ዳር፣ ማዕበል በየዓመቱ እየበላ በሚወስደው አሸዋ ላይ ይቀበር ተባለ። ሚስቱ ዜልማ ሬሳው ራስጌ ተቀምጣ ይህን ሰማች። አልጮኸችም፣ አልተሟገተችም፤ ተነሥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደችና በራዲዮው ታሮ ፖሊስ ጣቢያ ጠራች።

እሑድ ጠዋት ሳጅን ኦልጋ ቤኬ መጣች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ በደሴት ተወልዳ ባሕር የምትጠላ ሴት ናት። ከጀልባው ስትወርድ ፊቷ ያልበሰለ ሙዝ መስሎ ነበር። ሊቀበሏት የወጡትን ሽማግሌዎች ሰላም ከማለቷ በፊት አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠችና ምድር መንቀሳቀስ እስክታቆም ዐይኗን ጨፈነች።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ዐይኗን ሳትገልጥ።

«ዐሥር ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ አያቆየውም» አሉ አለቃ ጄሪኮ። «ከቀብሩ በፊት ግን ጉባኤ አለን፣ ልጄ። ስለ ደኑ።»

የጉባኤው ነገር ከሬሳው ጋር ተጠላልፎ ነበር። የሱሪቤ ሰዎች ስድስት ዓመት ሙሉ በደናቸው መጥረቢያ አላነሡም። ደኑ ሳይቆረጥ በመቆሙ፣ በውስጡ አምቆ ለያዘው ካርቦን ከባሕር ማዶ ገንዘብ ይመጣላቸዋል። የቧንቧው ውኃ፣ የክሊኒኩ መብራት፣ የሴት ልጆቹ ማደሪያ የተሠራው በዚያ ነው። በምላሹ ግን ደኑ በእርግጥ እያደገ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዛፎች ቁጥር ተለጥፎባቸው በየዓመቱ የሚለኩባቸው፣ በገመድ የተከለሉ አሥራ ሁለት መደቦች አሉ። የለኪዎቹ አለቃ ናሶን ነበር። ረቡዕ ከውጭ እንግዶች መጥተው ልኬቱን ሊያረጋግጡ ቀጠሮ ይዘዋል። አሁን ግን መንደሩ ሌላ ነገር ማውራት ጀምሯል፤ አባቶች መለካቱን ጠልተዋል፣ ናሶንን የገደሉት እነሱ ናቸው፣ ውሉ ይቀደድና ወደ ባሕሩ ከገባው የምድር ጫፍ ወዲያ ዛፍ ሊገዛ የቆመው የእንጨት ኩባንያው መርከብ ይጠራ።

እስከ ቀብሩ የቀራት ሰባት ሰዓት ከግማሽ ነው። ሳጅን ኦልጋ ከግንዱ ተነሣች።

ዜልማ ባሏን በአበባ ጨርቅ ሸፍናው ነበር። ሳጅን ጨርቁን ገልጣ የተሰነጠቀውን የራስ ቅል ለረጅም ጊዜ አየች፤ መዳፎቹንም አገላበጠች። ዜልማ ዝንብ እያባረረች ጠበቀቻት።

«ናሶን በእያንዳንዱ መደብ ከመግባቱ በፊት አለቃን ጠይቆ ነው የሚገባው» አለች በመጨረሻ። «ክልክሉን ድንጋይ የሚፈራ ሰው ነበር፣ ሳጅን። በዚያ በኩል ሲያልፍ ባርኔጣውን ያወልቃል። አሸዋ ላይ ካስተኙት ማዕበሉ ይወስደዋል፤ እኔ ደግሞ ክልክል የረገጠ ሰው ሚስት ተብዬ እቀራለሁ።»

«ደብተሩ የት አለ?»

ደብተሩ አለቃ ጄሪኮ ቤት ጣሪያ ላይ፣ በላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሎ ነበር። ከሬሳው ጎን ስለተገኘ ማንም ሊነካው አልደፈረም። ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሬሳውን ያገኘው ዊልበር። አለቃ መነጽራቸው ከተሰበረ ወር አልፎታል። ዊልበር በሕዝቡ ፊት የቅዳሜውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ቅዳሜ። መደብ ዘጠኝ። ታምቡ።»

ታምቡ በእኛ ዳርቻ የማይነካ፣ የማይረገጥ፣ የማይጠራ ነገር ነው። መደብ ዘጠኝ ደግሞ የአባቶች የራስ ቅል ከተቀመጠበት ዐለት አጠገብ ነው። ሰውየው ክልክል ቦታ መግባቱን በገዛ እጁ ጽፎ ሞተ፤ መንደሩ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ሳጅን ኦልጋ ደብተሩን ከከረጢቱ አወጣችና ወደ ኋላ አንድ በአንድ ገለጠችው። ከዚያ ሸሚዟ ውስጥ ከተተችው፤ አለቃ ጄሪኮ እሳት የዋጠች ይመስል አፈገፈጉ።

ዊልበር የናሶንን እኅት ያገባ፣ ሁለተኛው ለኪ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ እሑድ ልጆች ያስተምራል፤ የእጅ ጽሕፈቱን የሚያህል በመንደሩ የለም። ሟቹ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ሄደ አለ። እሱ ካሳቫ ሲነቅል ዋለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይመለስ ሲቀር ሊፈልገው ወጣ፤ ቅርንጫፍ ራሱ ላይ ወድቆበት አገኘው።

«ብቻውን መሄድ ልማዱ ነበር?»

«ሟቹ እልኸኛ ነበር፣ ሳጅን» አለ ዊልበር አንገቱን ደፍቶ። «የኔን እርዳታ አልፈለገም።»

ድምፁ ተሰበረ፤ እንባውም እውነተኛ እንባ ነበር። ሳጅን ኦልጋ አመሰገነችው።

መንደሩ አንድ ሌላ ሰው በጎሪጥ ያይ ነበር። ሞፋት የዜልማ ወንድም ነው። የእንጨት ኩባንያው የሰጠውን ቀይ ኮፍያ ቀንም ማታም አያወልቅም፤ ዛፉ ተሽጦ መንገድ ይሠራ እያለ ጉባኤ ሁሉ ላይ ይጮኻል። ከአንድ ወር በፊት በአማቹ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «የምታቅፋቸው ዛፎች አንድ ቀን ይወድቁብሃል» ብሎት ነበር። አባቶችን የማይፈሩት ጥቂቶች ገዳዩ እሱ ነው ይላሉ። ሳጅን ወደ እሱ ስትሄድ ሞፋትን የጀልባ ሞተር ፈትቶ፣ እጁ በግሪስ ተለውሶ አገኘችው።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቅዳሜ የት እሆናለሁ? ቤተ ክርስቲያን ነዋ። እኔ የሰባተኛው ቀን ሰው ነኝ። ፓንጎ መንደር ከጠዋት እስከ ጀምበር ስዘምር ዋልኩ። ሄደሽ ጠይቂ፤ በወፍራሙ ድምፅ የምዘምረው እኔ ብቻ ነኝ።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዛፍ መሸጥ እፈልጋለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ቅዳሜ አልሸጥም።»

«ዛፍ ይውደቅብህ ብለሃል አሉ።»

«በሰውየው ተናድጄ ነበር።»

«የቱ ሰውዬ? ስሙን ንገረኝ፣ ልጻፈው።»

ሞፋት ሳቁ መጣበት። «አንቺ ደግሞ! የሰሜኑ ዳርቻ ልጅ አይደለሽ እንዴ? የእኅቴ ባል ነው፤ ታምቡዬ። ስሙን ብጠራ ጥርሴ ይረግፋል፤ የቀሩኝ ደግሞ ሰባት ናቸው።»

ሳጅን ኦልጋ አልሳቀችም። እጇ ወደ ሸሚዟ ሄዶ ደብተሩን ዳሰሰ። አማቾች በስም እንደማይጠራሩ፣ «ታምቡ» ብቻ እንደሚባባሉ ከልጅነቷ ታውቃለች፤ አባቷ ታምቡ ይለው የነበረውን የአጎቷን ስም ያወቀችው ሲቀበር ነው። ሰው ግን የለመደውን ነገር አያየውም።

«ጫማህን አድርግ» አለችው። «መደብ ዘጠኝ ትወስደኛለህ።»

«ሰው ገዳይ የሚለኝን እኔን አስከትለሽ ጫካ ትገቢያለሽ?»

«መጀመሪያ ፓንጎን በራዲዮ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ እንሄዳለን።»

መንገዱ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ደመናው ከሰሜን ምዕራብ እየከበደ ሲመጣ ሞፋት በገጀራው ሐረግ እየመታ ከፊት ሄደ። መደብ አራት ላይ አንድ ግዙፍ ዛፍ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ግንዱ ላይ ፈርን የሚሉት ጥላ ወዳድ ቅጠል ጉልበት እስኪደርስ በቅሏል። ሞፋት ሳጅንን ደግፎ ሲያሻግራት፣ እጇ ስር ትንሽ የቆርቆሮ ቁጥር አየች፤ ሠላሳ አንድ።

«ይህ መቼ ወደቀ?»

«ባለፈው ዓመት፣ ያ አውሎ ነፋስ ጊዜ። ሲወድቅ መንደር ድረስ ተሰማ። ይኸውልሽ፣ ይህን ያህል እንጨት በነፃ ሲበሰብስ ሆዴ አይቃጠል?»

ሳጅን ቁጥሩን እጇ ላይ ጻፈችው።

መደብ ዘጠኝ ውስጥ የመጀመሪያው ዛፍ ሥሩ እንደ ግድግዳ የቆመ ሽማግሌ ዛፍ ነው። መለኪያው ሜትር በደረት ከፍታ ላይ አሁንም ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ረግቧል። ሥሩ ላይ ደም የነካው ወፍራም ቅርንጫፍ ወድቋል። ሳጅን ወደ ላይ አንጋጥጣ አየች፤ ቅርንጫፍ የተገነጠለበት ጠባሳ የትም የለም። ከዚያ ተንበርክካ ቅርንጫፉን መረመረች። በአንድ ጎኑ ነጫጭ እንጉዳዮች ተሰልፈዋል፤ ባርኔጣቸው ወደ መሬት፣ እግራቸው ወደ ሰማይ ተገልብጧል።

«ሞፋት፣ ይህን ዛፍ ብቻህን ለካልኝ።»

ሞፋት ሜትሩን ይዞ ዛፉን አቀፈ። ክንዱ ሢሶውን እንኳ አላዳረሰም። ጫፉን ልጥ ላይ ለጥፎ ሊዞር ሲሞክር ወደቀበት፤ ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ወደቀ።

«አይሆንም እኮ። ድሮ ጫፉ ላይ ልጥ የሚይዝ መንጠቆ ነበረው። ከሁለት ወር በፊት ተሰብሯል፤ ስስቅባቸው ነበር። አሁን አንዱ ካልያዘ ሌላው አይዞርም።»

ሳጅን ከዛፉ ተነሥታ እስከ ክልክሉ የድንጋይ ክምር እየቆጠረች ሄደች። ስልሳ ሦስት እርምጃ። መሬቱ ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ገና አልነካውም። በዛፉ ዙሪያ የእግር ኮቴ በኮቴ ላይ ተረጋግጧል፤ ወደ ድንጋዩ የሄደ ግን አንድም አልነበረም። ዝናቡ ያን ጊዜ ጀመረ። ሁለቱም እየተንሸራተቱ ተጣድፈው ተመለሱ።

መንደር ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሳጅን ጭቃዋን ሳታራግፍ ወደ ለኪዎቹ ቤት ገባችና የዚህን ዓመት መዝገብ ገለጠች። ከመደብ አራት እስከ ዘጠኝ ያለው ሁሉ በሚያምር ጽሕፈት ተሞልቷል። ጣቷን በዛፍ ሠላሳ አንድ ላይ አቆመች። ሞፋት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ።

«ውፍረቱ አምና ሰማንያ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር» አለ ቀስ ብሎ። «ዘንድሮ ሰማንያ አራት ነጥብ ስድስት። ወፍሯል።»

«ወድቆ የሚወፍር ዛፍ አይተህ ታውቃለህ?»

ሞፋት ኮፍያውን አወለቀ። መላጣነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ታየ።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሬሳው መካከል ላይ ተቀምጦ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቧል። አለቃ ጄሪኮ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዊልበር ከሚስቱ ጎን አቀርቅሯል። ከውጭ ሁለት ጎረምሶች አሸዋው ላይ መቆፈር ጀምረው ነበር። ሳጅን እንዲያቆሙ ላከችባቸው።

«አባቶችን ለመክሰስ አልመጣሁም» ብላ ጀመረች። «ለነሱም ግን ጠበቃ ያስፈልጋቸዋል፤ ያልሠሩት ተለጥፎባቸዋልና። ናሶንን የገደለው ቅርንጫፍ ከላይ አልወደቀም። እንጉዳይ ተገልብጦ አይበቅልም። ያ እንጨት መሬት ላይ ወራት ተኝቶ የነበረ ነው፤ ሰው አነሣው፣ ገለበጠው። እንጨት የሚያነሡ አባቶች ካሉ ንገሩኝ።»

ሳጅን ሁለተኛ ጣቷን አነሣች።

«ሁለተኛ፣ ሜትሩ ዛፉን ዞሮ ነበር። መንጠቆው ከተሰበረ ወዲህ ያን ሜትር አንድ ሰው ብቻውን ማዞር አይችልም። ሞፋት ሞክሯል። ስለዚህ ናሶን ብቻውን አልነበረም። ብቻውን ሄደ ያለኝ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል።»

ዊልበር ቀና አለ። «ከቤት ሲወጣ ብቻውን ነበር፤ እኔ ያየሁት ያን ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንዳገኘው አላውቅም። ደግሞ ደብተሩ አለ፣ ሳጅን። በእጁ ጽፏል። ታምቡ ብሏል። ክልክል ገብቷል።»

ሳጅን ደብተሩን ከሸሚዟ አውጥታ ለዜልማ ሰጠቻት። «ጽሕፈቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልን።»

ዜልማ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ማክሰኞ። መደብ ሁለት። ሄንሪ።» ገጹን ገለጠች። «ሐሙስ። መደብ ሦስት። ዜልማ።» ያን ቀን ሦስተኛው ለኪ ሄንሪ ታሞ እሷ ናት ጫፉን የያዘችለት። «ዓርብ። መደብ አንድ። ታምቡ።»

«መደብ አንድ የት ነው፣ አባት?» አለች ሳጅን።

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» አሉ አለቃ ጄሪኮ።

«ክልክል ነው?»

«አሳማ የሚንከባለልበት ነው እንጂ ምን ክልክል...» አለቃ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ከአዳራሹ ጥግ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ዝም አለ።

«ቀኑ፣ ቦታው፣ ከዚያ አብሮት የለካው ሰው» አለች ሳጅን። «ሁልጊዜ በዚህ ተራ ነው የሚጽፈው። ሦስተኛው ቃል የሰው ነው። ስሙን በአፉም በእጁም ሊጠራው የማይችለው ሰው ሲሆን ታምቡ ይላል። ሁላችሁም ቃሉን በየቀኑ ስለምትሉት አልሰማችሁትም። ክልክል ቦታ ተብሎ ሲነበብላችሁ ክልክል ቦታ መሰላችሁ።»

ዐይን ሁሉ ሞፋት ላይ አረፈ።

«አዎ፣ ሁለት አማቾች ነበሩት» አለች ሳጅን። «አንደኛው ቅዳሜ ፓንጎ ሲዘምር ውሏል። ክሊኒኩ ራዲዮ ላይ ጠይቄያለሁ፤ ድምፁ ያልረበሸው ሰው የለም አሉ። በዚያ ላይ ከዛሬ በፊት ያን ሜትር ይዞ አያውቅም። ሁለተኛው መዝገቡን የሚጽፈው ነው። ወድቆ ዓመት የሞላው ዛፍ በመዝገቡ ወፍሯል። ዊልበር፣ ከመደብ አራት እስከ ዘጠኝ ዘንድሮ አልሄድክም። ቤትህ ቁጭ ብለህ የአምናው ላይ ጥቂት እየጨመርክ ሞላኸው። ረቡዕ እንግዶቹ ሠላሳ አንድን ሊለኩ ሄደው ወድቆ ሊያገኙት ነበር።»

የዊልበር ሚስት ከጎኑ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ሄዳም ከወንድሟ ሬሳ እግር ሥር ተቀመጠች። ዊልበር ያን ሲያይ ተንበረከከ።

«ወገቤን አሞኝ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «ሽቅብ መውጣት አቃተኝ፤ አልችልም ማለት አፈርኩ። ሟቹ ደረሰበት። ቅዳሜ ማንም ሳያየን እንሂድ አለኝ። ሄድን። የመጀመሪያውን ዛፍ ስንዞር፣ ረቡዕ ለእንግዶቹ ይነገራል አለ። ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። እንዳይናገር ለመንኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጥሩን ማንበብ ቀጠለ። ያን ጊዜ እንጨቱ እግሬ ሥር ነበር።»

«የቅዳሜውን ገጽ ካነበብክ በኋላ የሚቀጥለውን ገልጠኸዋል?» አለች ሳጅን።

«አልገለጥኩም» አለ ዊልበር።

ዜልማ ገለጠችው። ናሶን ገና ላልመጡት ቀናት ያቀደው ሥራ ነበር። «ሰኞ። መደብ ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት። ታምቡ። ማክሰኞ። መደብ አምስት፣ አራት። ታምቡ።» ከሥሩ አንድ መስመር ነበር፤ እሱንም አነበበችው። «ረቡዕ። ለእንግዶቹ፦ የተሳሳትነው ሁለታችንም ነን።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። ዊልበር በጉልበቱ ተስቦ ወደ ሬሳው ቀረበ። ሚስቱን ካገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጀልባ አብረው ቀዝፈዋል፣ ቤት አብረው ሠርተዋል፤ ያንን ስም ግን ከአፉ የሰማ ሰው የለም።

«ናሶን» አለ። «ናሶን፤ ናሶን።»

አሮጊቶቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ዜልማ ደብተሩን ዘጋችው።

«አሁን ጠራኸው» አለችው።

ናሶን ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጎሣው መቃብር፣ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። የመጀመሪያውን አፈር አለቃ ጄሪኮ በእጃቸው ዘገኑ፤ ዜልማንም በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ስለ ውሉ መቀደድ ማንም አላነሣም። ይልቅ ክርክሩ ሁሉንም ለእንግዶቹ በመናገር ላይ ነበር፤ ብንናገር የዘንድሮው ገንዘብ ሊቀር ይችላል ያሉ ነበሩ። ዜልማ «ገንዘቡ ይቅር» አለች፤ ይህን ያለችው ዕድሜ ልኳን በጉባኤ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። ሳጅን ኦልጋ ዊልበርን አስቀድማ ጀልባው ላይ ወጣች፤ ሞተሩ ሳይነሣ ዐይኗን ጨፈነች።

ሰኞ ጠዋት ዜልማ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ጠቅልላ ወደ ደኑ ስትሄድ ሞፋት ተከተላት። ዛፎቹ ቢሸጡ ይሻላል የሚለውን ነገር መንገዱን ሁሉ ሲደግምባት ነበር፤ ጫፉን ግን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘላት። ማክሰኞ ከሰዓት መደብ አራት ደረሱ። ዜልማ ከወደቀው ግንድ ፊት ቆማ ፈርኑን በእጇ ገለል አደረገችና ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ ደብተሩን አወጣች፤ በባሏ ጽሕፈት ሥር፣ የዛፉን ቁጥር ሠላሳ አንድን አስፍራ ከጎኑ አንድ ቃል ጻፈች፤ ወድቋል።